ሐኪሙ ስለ ሲጋራ ሲጠይቅ
በእኛ ዘንድ ልጅ በወላጁ ፊት አያጨስም። ስለዚህ ለውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ልጃችሁን ስታጅቡ፣ ሐኪሙ ስለ ሲጋራ ሲጠይቀው ከክፍሉ ወጣ በሉለት፤ እውነቱን ይናገር። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠብባል፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ማጨስ ጨጓራና አንጀት በተጋጠሙበት ቦታም ቁስለት ሊያመጣ ይችላል።

ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት እንዲያቆም ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ደሙ ወይም ሽንቱ ይመረመራል። የሚፈለገው ኮቲኒን ነው፤ ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚፈጠርና ለቀናት የሚቆይ። ሺሻም ያሳያል፤ ለማቆም የሚረዱት የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተርም እንዲሁ። የሚጠቀም ከሆነ አስቀድሞ ይንገራቸው።

ቀጠሮው ቢራዘም አትቆጡት፤ እንዲያቆም አግዙት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቤት ውስጥ ማንም አያጭስበት።