ለመርከበኛ ልጆቻችን ዋሳቸው ማን ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጣና ሐይቅ እንጂ ውቅያኖስ አይደለም። ቢሆንም በዳርቻው የሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወጣቶችን በመርከብ መሐንዲስነት እያሠለጠነ ወደ ዓለም ባሕሮች ሲልክ ቆይቷል። ወላጅ ልጁ በዶላር ሊቀጠር ነው ሲባል ደስ ቢለው ተገቢ ነው። ነገር ግን ደመወዙን የሚጠይቅ ብዙ ሲሆን፣ «ልጄ በሥራው ምክንያት ቢከሰስ ማን ይቆምለታል?» የሚል ጥቂት ነውና ስለዚሁ ጉዳይ አሳቤን እንድገልጽ ይፈቀድልኝ።

በመርከብ ላይ አንድ ቧንቧ በወጉ ሳይዘጋ ቢቀር ዘይቱ ባሕሩን ይበክላል። ያን ጊዜ ተጠያቂው ባለመርከቡ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ባለመጠበቁ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል።

ፕሬስቲጅ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኅዳር 1995 ዓ.ም. በእስፓኝ ጠረፍ አቅራቢያ ተሰብራ ሰጠመች። አዛዥዋ ግሪካዊው አፖስቶሎስ ማንጉራስ ከ83 ቀን እስራት በኋላ የተለቀቁት 3 ሚሊዮን ዩሮ ዋስትና ተይዞላቸው ነው። ዋስትናውን የሰጠው የባለመርከቡ የኢንሹራንስ ማኅበር ሲሆን፣ ይህንም ያደረገው ለሰብአዊነት ሲል እንጂ ግዴታ ኖሮበት አልነበረም። በጥር 2008 ዓ.ም. የእስፓኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት እስራት ፈረደባቸው።

እነዚህ ማኅበራት ባለመርከቦች እያዋጡ ጉዳትን የሚካፈሉባቸው፣ እንደ እድራችን ያሉ ናቸው። 12ቱ ታላላቆች ከዓለም የባሕር መርከቦች የመጫን አቅም 90 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። የእድሩ አባል ግን ባለመርከቡ እንጂ ተቀጣሪው አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ባለመርከቡ ሁለት የዋስትና ምስክር ወረቀቶችን በመርከቡ ላይ በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። አንደኛው ሠራተኛው ሜዳ ላይ ቢጣል ለመመለሻውና እስከ አራት ወር ላልተከፈለ ደመወዙ፣ ሁለተኛው ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሣ ነው። የተከሰሰ መሐንዲስ ጠበቃ እንዲያገኝ ወይም የሙያ ፈቃዱ ቢታገድ ገቢው እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ዋስትና ግን በሁለቱም ውስጥ የለም። ለዚህ በውጭ አገር የመኮንኖች ማኅበራትና የኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚሰጡት የተለየ ዋስትና አለ።

ስለዚህ ወጣቱ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሁለቱ ምስክር ወረቀቶች አሉን? ብከሰስ የጠበቃውን ማን ይከፍላል? ፈቃዴ ቢታገድ ደመወዜ ምን ይሆናል? መልሱም በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ በጽሑፍ ይሁን።

አሠልጣኞችና ቀጣሪ ወኪሎችም ይህን ከማሽኑ ትምህርት ጋር ቢያስተምሩ፣ የአገራችን የኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ለመርከበኞች በጋራ የሚገባ የሙያ ኃላፊነት ዋስትና ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላልና።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከባሕር ዳር