በርሜል ወይስ ካርቶን? የዘመን መለወጫ ድግስና የቢራው ሒሳብ

ነሐሴ ሲጋመስ በሰሜን ለንደን የሚገኙት የወገኖቻችን ማኅበራትና ዕድሮች ስብሰባ ይበዛባቸዋል። እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ አዳራሽ መያዝ፣ ሙዚቀኛ መነጋገር፣ እንጀራው ለማን እንደሚታዘዝ መወሰን አለበት። ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ኮሚቴውን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስቀምጠው የቢራው ጉዳይ ነው። አንዱ ይነሣና «ዘንድሮ ለምን በርሜል አንገዛም? እንደ አገራችን ድራፍት!» ይላል። ገንዘብ ያዡ መነጽሩን አውልቆ «የተረፈውንስ ማን ይጠጣዋል?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ድራፍት የሚለው ቃል የአዲስ አበባን ሰው ሆዱን ያባባዋል። አረፋው ሞልቶ የሚፈስ ቀዝቃዛ ጃንቦ፣ አጠገቡ ትኩስ ጥብስ፣ ዙሪያውን ጓደኛ። ከአርችዌይ ወደ ተፍኔል ፓርክና ኬንቲሽ ታውን በሚወስደው መንገድ ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ግን ጊዮርጊስ የሚቀርበው በጠርሙስ ነው። ስለዚህ «በርሜል እንግዛ» የሚለው ሰው የናፈቀው የፒያሳውን ድራፍት ሲሆን፣ የሚደርሰው ግን የአውሮፓ ላገር መሆኑን ከወዲሁ ቢያውቅ ይሻለዋል። («የአገር ቢራ» የሚለውም አባባል ቢሆን ዛሬ መጠነኛ ጥያቄ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው ጊዮርጊስ በ1998 የፈረንሳዩ ካስቴል ሆኗል፤ በደሌና ሐረር በ2011 ለሆላንዱ ሃይኒከን ተሸጠዋል፤ ሜታ አቦም በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጦ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ካስቴል ዞሯል።)

ወደ በርሜሉ እንመለስ። በዚህ አገር የተለመደው ትልቁ የብረት በርሜል 50 ሊትር ይይዛል። ይህም 88 ፓይንት፣ ወይም በ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ሲቆጠር 151 ጠርሙስ መሆኑ ነው፤ ባለ 24 ጠርሙስ ካርቶን ከስድስት በላይ ይሆናል። በሊትር ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ ከጠርሙሱ ይረክሳል። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ኮሚቴው በጊዜ ቤቱ በገባ ነበር።

ነገር ግን የሞላ በርሜል ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሊፍት በሌለው የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክርስትና የሚደግስ ሰው ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ቢያነበው መልካም ነው። በመኪና ሲንገላታ መጥቶ ወዲያው የተከፈተ ወይም ያልቀዘቀዘ ቢራ ደግሞ አረፋ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ እንግዳው ብርጭቆውን ይዞ ሲጠብቅ የማኅበሩ ገንዘብ ባልዲ ውስጥ ይፈስሳል። በርሜሉ ብቻውን አይሠራም፤ ለአፉ የሚስማማ መክፈቻ፣ ቱቦ፣ ማቀዝቀዣና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይፈልጋል። ጋዙ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ቢያፈተልክ ሰው ይገድላልና መስኮት በሌለው ጓዳ አይቀመጥም። በእጅ የሚነፋ ፓምፕም አለ፤ እሱ ግን አየር ስለሚያስገባ ቢራው በማግሥቱ ጣዕሙን ያጣል።

አርችዌይ ጣቢያ አጠገብ ያለው አርችዌይ ታቨርን የአየርላንድ ስደተኞች ለብዙ ዓመታት እየተሰባሰቡ የዘፈኑበትና የጨፈሩበት ቤት ነበር። በርሜል የሚያዋጣው እንዲህ ባለ ቤት ነው፤ ከሥር የቀዘቀዘ ምድር ቤት አለው፣ ከላይ የማያቋርጥ ጠጪ አለው፣ መሐል ላይ ሙያውን የሚያውቅ ቀጂ ቆሟል። የአዲስ አበባም ድራፍት የሚጣፍጠው በርሜሉ ሳይውል ሳያድር ስለሚያልቅ ነው። ለአንድ ምሽት የተከራዩት አዳራሽ ከሦስቱ አንዱም የለው ይሆናል።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሰው ይቆጠር። ሰማንያ እንግዳ ተጠራ እንበል። ሕፃናት አሉ፤ ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ ጴንጤዎች አሉ፤ መኪና የያዙ አሉ። ከነዚህ ሌላ አርባ አምስት ጠጪ ቢቀርና አሥራ አምስቱ ወይን ወይም ውስኪ ቢመርጡ፣ ለቢራው ሠላሳ ሰው ቀረ። ለያንዳንዱ ሁለት ፓይንት ቢታሰብ ስድሳ ነው። ከትልቁ በርሜል ሃያ ስምንት ፓይንት ተረፈ ማለት ነው። ያልተከፈተ ካርቶን ለሚቀጥለው ድግስ ይቀመጣል፤ የተከፈተ በርሜል ግን ዕዳ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ድግስ ባለ 30 ሊትሩ፣ ማለትም 52 ፓይንት የሚሆነው፣ ከጥቂት ካርቶን ጋር ይበቃል፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ። መቶ ሃምሳ ሰው ለሚመጣበት አዳራሽ ግን በርሜሉ ያለ ጥርጥር ያዋጣል፣ የሚቀዳ ባለሙያ እስካለ ድረስ። ለማይጠጣው ወገን የሚገዛው ለስላሳና ውኃ ከቢራው በተረፈ ሳንቲም የሚሸፈን መሆን የለበትም። እሱም መዋጮውን እኩል ከፍሏል።

ብዙ ኮሚቴ የሚስተው ግን ሕጉን ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የፈቃድ ሕግ ከኅዳር 2005 ጀምሮ ይሠራበታል። ለልደት ወይም ለክርስትና የጠሯቸውን እንግዶች በነፃ ለማጠጣት ፈቃድ አያስፈልግም። መጠጡ በገንዘብ ከተሰጠ ግን ሽያጭ ነው። «መግቢያው 15 ፓውንድ፣ አንድ ቢራ በነፃ» የሚል ትኬት በሕጉ ዓይን ቢራ መሸጥ ነው። ሰጥቶ ካልሆነ ብርጭቆ የማያገኙበት «የመዋጮ» ሣጥንም ከዚያ አይለይም። ያለ ፈቃድ የሸጠ ሰው ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት፣ እስከ ስድስት ወር እስራት ወይም ሁለቱም ሊደርስበት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም የዜግነት ማመልከቻውን ለሚጠብቅ የኮሚቴ አባል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። አስቀድሞ የአዳራሹ ባለቤት መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ እንዳለው ይጠየቅ፤ ካለው በእሱ በኩል መስማማት ይቻላል። ከሌለው ለካውንስሉ የጊዜያዊ ዝግጅት ማስታወቂያ ይገባል። ክፍያው 21 ፓውንድ ነው፤ ሠራተኛውን ጨምሮ እስከ 499 ሰው ይፈቅዳል፤ የገባበትና የድግሱ ቀን ሳይቆጠሩ ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። የዘገየ ማስታወቂያ እስከ አምስት የሥራ ቀን ድረስ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ፖሊስ ከተቃወመው ይግባኝ የለውም፣ ድግሱ ያለ ሽያጭ ይቀራል። አርችዌይ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሠፈሩ ራሱ በኢዝሊንግተን ሥር ሲሆን፣ ዳርትማውዝ ፓርክ ሂልን ተሻግሮ ያለው አዳራሽ ካምደን ነው፤ ከአርችዌይ ድልድይ ወዲያ ደግሞ ሃሪንጌ ይጀምራል። ወረቀቱ የሚገባው አዳራሹ ላለበት ካውንስል ነውና ሰፈሩን በስም ብቻ አትመኑት።

በዚህ መሐል አንዲት እናት «ጠላ ምን ሆነና?» ማለታቸው አይቀርም። እውነታቸውን ነው፤ ጋን ከብረት በርሜሉ በፊት የነበረ የድግስ ዕቃ ነው፤ ጌሾም በአበሻ ሱቆች ይገኛል። ለቤት ፍጆታ መጥመቅ እ.ኤ.አ. ከ1963 ወዲህ በዚህ አገር ፈቃድም ቀረጥም አይጠየቅበትም። በቤት የተጠመቀውን አዳራሽ ወስዶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቀረጥ መሥሪያ ቤቱን ያስመጣል።

የመኪናው ነገርም በዚያው ስብሰባ ቢነሣ ጥሩ ነው። በእንግሊዝ ሕግ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል የተገኘበት አሽከርካሪ ወሰኑ ላይ ደርሷል፤ ከድራፍት ሲቀዳ ደግሞ ስንት እንደጠጡ መቁጠር ከጠርሙስ ይከብዳል። ጠረጴዛው ላይ የቆመ ባዶ ጠርሙስ የለምና። ድግሱ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ከሆነ የኖርዘርን ላይን የሌሊት ባቡር አርችዌይ ላይ ይቆማል፤ ይህን በጥሪ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

በመጨረሻ ባዶው በርሜል አለ። ንብረትነቱ የጠማቂው ፋብሪካ ነው፤ ማስያዣ ተከፍሎበታል፤ ከነመክፈቻውና ከነጋዝ ጠርሙሱ ካልተመለሰ ገንዘቡ ይቀራል። አዳራሹ እሑድ ጠዋት ይለቀቃል፣ አከፋፋዩ ደግሞ ሰኞ ነው የሚከፍተው። እንግዲህ ኮሚቴው በርሜል ለመግዛት እጅ ከማውጣቱ በፊት ሰኞ ሥራ የማይገባው፣ ቫን ያለው ማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ ስሙን ያስመዝግብ።