ድረ-ገጽ መክፈት ብቻውን ገበያ አያስገኝም

ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ከሚሰጡ ድጋፎች መካከል የገበያ ትስስር ቀዳሚ ሥፍራ የሚሰጠው መሆኑ ይታወቃል። የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ መስፋፋትን ተከትሎም ኢንተርፕራይዞች የራሳቸውን ድረ-ገጽ ከፍተው ምርታቸውን እንዲያስተዋውቁ ማበረታታት የዚሁ ድጋፍ አካል እየሆነ መጥቷል።

ይሁንና በአንድ ወቅት በድምቀት የተከፈቱ ድረ-ገጾች ጎብኚ ሳያገኙ፣ በላያቸው የሰፈረው ስልክ ተቀይሮና የዋጋ ዝርዝሩ አርጅቶ ሲቀሩ ይስተዋላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚባክነው ለሥራው የወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ምርቱን እየፈለገ፣ አምራቹም ደንበኛውን እየጠበቀ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በዚህ ጽሁፍ የሽመና ሥራን በአብነት በመውሰድ፣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ድረ-ገጹን ለደንበኞች ተደራሽ ሊያደርግ የሚችልባቸውን መንገዶች ለማመላከት ተሞክሯል።

ፍለጋው እንዴት ይከናወናል?

እንደ ጎግል ያሉ የመረጃ መፈለጊያ ሞተሮች ሥራቸውን በሦስት ደረጃዎች ያከናውናሉ። በመጀመሪያ ከገጽ ወደ ገጽ በማያያዣዎች አማካይነት እየተዘዋወረ የሚያነብ ፕሮግራም ያሰማራሉ። ቀጥሎም የተነበበውን በግዙፍ ማውጫ ውስጥ ይመዘግባሉ። በመጨረሻም ተጠቃሚው ቃላትን ሲጽፍ ከማውጫው ውስጥ ይበልጥ ይስማማሉ ያሏቸውን ገጾች በቅደም ተከተል ያቀርባሉ። በመሆኑም ከሌላ ከየትም ገጽ ማያያዣ የሌለው ወይም ሊነበብ የሚችል ጽሁፍ ያልያዘ ገጽ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ በፍለጋ ውጤት ውስጥ የመታየት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ በሀገር ባህል አልባሳት ገበያነቱ ይታወቃል። በዚያ የሚሠራ አንድ የሸማኔዎች ኢንተርፕራይዝ ድረ-ገጽ ከፍቷል እንበል። ደንበኞቹ የከተማው ነዋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖሩና ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ልብስ የሚሹ ወገኖች ጭምር ናቸው። እነዚህ ሰዎች የኢንተርፕራይዙን ስም አያውቁም። የሚጽፉት የሚፈልጉትን ዕቃ ስም ነው።

ይሁን እንጂ የብዙ ድረ-ገጾች የፊት ገጽ ርዕስ “እንኳን ደህና መጡ” ወይም “መነሻ ገጽ” የሚል ነው። ይህ ርዕስ ስለ ምርቱም ሆነ ስለ ቦታው አንዳች ነገር አይናገርም። በአንጻሩ “የሐበሻ ቀሚስ ለሠርግ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ” የሚለው ርዕስ ለፈላጊውም ሆነ ለመፈለጊያ ሞተሩ የገጹን ይዘት በግልጽ ያስረዳል። ከዚህም ባሻገር ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢውና ኩታው በአንድ ገጽ ከሚታጨቁ ለየብቻቸው ገጽ ቢኖራቸው ይመረጣል።

በየገጹ የሚሰፍረው ጽሁፍም ደንበኛው በሱቅ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀውን የሚመልስ ሊሆን ይገባል። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ መሆኑን፣ ጥለቱ በእጅ የተሠራ ስለመሆኑ፣ የሰውነት ልክ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ትእዛዝ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ልብሱ እንዴት እንደሚታጠብና ዋጋው ስንት እንደሆነ መግለጽ ያሻል። ይህን ዕውቀት ከሸማኔው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የፊደላችን ጉዳይ

በአማርኛ ለሚዘጋጁ ድረ-ገጾች ልዩ ትኩረት የሚሻው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። “ሐበሻ” የሚለውን ቃል አንዱ በ“ሀ”፣ ሌላው በ“ሃ”፣ ሌላውም በ“ሐ” ይጽፈዋል። “ሠርግ” እና “ሰርግ” እንዲሁ ናቸው። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ምልክቶች በመሆናቸው፣ የመፈለጊያ ሞተሮች ሁልጊዜ እንደ አንድ ቃል ላይቆጥሯቸው ይችላሉ። ስለዚህ በርዕስ ላይ አንዱን አጻጻፍ በወጥነት መጠቀም፣ በሐተታው ውስጥ ደግሞ በብዛት የሚጻፈውን ሌላውን አጻጻፍ አግባብ ባለው ቦታ ማስገባት ጠቃሚ ነው። አንድን ቃል ያለ አግባብ መደጋገም ግን ጎግል በመመሪያው የሚከለክለውና ገጹን ወደ ኋላ ሊያስቀር የሚችል ድርጊት ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተዘጋጀ ጽሁፍ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ በፍለጋ አይገኝም። የዋጋ ዝርዝርን ወይም የስልክ ቁጥርን በፎቶግራፍ መልክ ብቻ ማስቀመጥም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላል። ፎቶግራፍ በተቀመጠበት ሥፍራ ሁሉ ምስሉ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አጭር ጽሁፍ አብሮ ሊገባ ይገባል።

በውጭ ሀገር ተወልደው አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ የዳያስፖራ ልጆች ደግሞ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ራሱን የቻለ ገጽ ማቅረብና ሁለቱን ገጾች በማያያዣ ማገናኘት ተገቢ ነው።

ክብደትና ፍጥነት

ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 ያስታወቀውንና በ2023 ያጠናቀቀውን ለውጥ ተከትሎ፣ ድረ-ገጾችን በቀዳሚነት የሚመዘግበው በተንቀሳቃሽ ስልክ በሚታዩበት መልክ ነው። በመሆኑም በስልክ ላይ ፊደሉ የሚያንስና ወደ ጎን የሚሸሽ ገጽ ጉዳቱ ድርብ ነው።

የፎቶግራፍ ክብደትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 10 ፎቶግራፎች ያሉት ገጽ ደንበኛውን 40 ሜጋባይት ያስወጣዋል። ፎቶግራፎቹ ወደ 150 ኪሎባይት ቢቀነሱ ግን ገጹ በ1.5 ሜጋባይት ገደማ ይከፈታል። የኢንተርኔት ጥቅሉን እየቆጠረ ለሚጠቀም ደንበኛ ይህ ልዩነት ገጹን በማየትና ጥሎ በመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

“ድረ-ገጻችሁን በጎግል አንደኛ እናደርጋለን” በማለት ክፍያ የሚጠይቁ ወገኖች አሉ። ጎግል በመመሪያው እንዳስታወቀው ግን አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም። ለማስታወቂያ የሚከፈል ገንዘብም በመደበኛው የፍለጋ ውጤት ውስጥ ደረጃን ከፍ አያደርግም። ለጎብኚ በማይታይ የገጹ ክፍል ቁልፍ ቃላትን መደርደርም ፋይዳ የለውም። ጎግል እነዚህን ቃላት ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምባቸው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

በሌላ በኩል በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎች ብዙም ሲሠራባቸው አይታይም። ጎግል ሰርች ኮንሶል የተሰኘው አገልግሎት ሰዎች በየትኞቹ ቃላት ፈልገው ድረ-ገጹን እንዳገኙና ምን ያህሉ እንደከፈቱት ያሳያል። ሱቅ ያለው ድርጅት በጎግል ካርታ ላይ ቦታውን፣ የሥራ ሰዓቱንና ስልኩን ማስመዝገብም ይችላል። የማሻሻያው ውጤት ግን በአንድ ጀንበር አይታይም። አንዳንዱ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዱ ደግሞ በወራት ውስጥ የሚገለጽ በመሆኑ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ከድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

በየደረጃው የሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዚህ ረገድ ብዙ ወጪ ሳያወጡ ሊያግዙ ይችላሉ። አንደኛው ከራሳቸው ድረ-ገጽ ወደ ኢንተርፕራይዞቹ ድረ-ገጽ የሚያመራ ማያያዣ ማስቀመጥ ነው። የመፈለጊያ ሞተሮች አንድን ገጽ ሲመዝኑ ሌሎች ታማኝ ገጾች ወደ እርሱ የሚያመላክቱ መሆናቸውን ከግምት ያስገባሉና የከተማው የንግድ ወይም የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ድረ-ገጽ የሚያደርገው ጥቆማ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የድረ-ገጹ አድራሻ በሠራው ባለሙያ ወይም በአሠልጣኙ ስም ከተመዘገበ፣ ያ ሰው በተለየ ጊዜ ኢንተርፕራይዙ አድራሻውን ሊያጣ ይችላል። ስለሆነም አድራሻው በኢንተርፕራይዙ ስም መመዝገቡ፣ የይለፍ ቃሎቹ በርክክብ ሰነድ መተላለፋቸውና የዓመታዊ እድሳት ክፍያው የሚፈጸምበት ቀን መታወቁ በውሉ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል።

ሦስተኛው የአፈጻጸም መለኪያው ነው። “በበጀት ዓመቱ ይህን ያህል ድረ-ገጽ ተከፍቷል” የሚል ሪፖርት የሥራውን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜውን አያሳይም። ከስድስት ወር በኋላ ድረ-ገጹ ይሠራ እንደሆነ፣ ስልኩ የሚነሳ መሆኑንና በድረ-ገጹ በኩል ስንት ትእዛዝ እንደመጣ መጠየቅ የተሻለ መለኪያ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል። ሸማኔው ከዚህ ተጠቃሚ የሚሆነው ግን በድረ-ገጹ በኩል የመጣ ደንበኛ ልብሱን አዝዞ ሲረከብ ነው።