ከመምጣቱ በፊት የሞተው ሽማግሌ

እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ሸክላ ሽፋን ገልብጦ የትራኮቹን ዝርዝር ያነበበ፣ ፊልሙንም በደንብ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። አልበሙ ባለ ሁለት ሸክላ ነው፤ አራት ገጽ አለው። የሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ «የቤን ሞት» ይላል። ቤን ኬኖቢ በበረሃ ተደብቆ የሚኖረው፣ በዳርት ቬደር የብርሃን ሰይፍ የሚወድቀው ሽማግሌ ነው። በዚያው ገጽ መጨረሻ ላይ ግን የመሸታ ቤቱ ባንድ ይጫወታል፤ ቤን በሕይወት ሳለ ገብቶ አብራሪ የተዋዋለበት መሸታ ቤት ማለት ነው። ሦስተኛው ገጽ ደግሞ በአሸዋ ሰዎች ምድር ይከፈታል፤ ወጣቱ ሉክ ስካይዎከር ከቤን ጋር የተገናኘው እዚያ ነው። በሸክላው ቅደም ተከተል ሽማግሌው መጀመሪያ ይሞታል፣ ቀጥሎ መሸታ ቤት ይገባል፣ በመጨረሻ ከልጁ ጋር ይተዋወቃል።

አታሚ ያዘበራረቀው ይመስላል። አይደለም። እንዲህ የደረደረው ሙዚቃውን የደረሰው ጆን ዊሊያምስ ራሱ ነው። ሸክላው ፊልሙን እግር በእግር እንዲከተል አልፈለገም። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጠው ከጦርነቱ ሁካታ ወደ ቀስታው፣ ከኀዘኑ ወደ ጨዋታው እየተሸጋገረ ጆሮው ሳይሰለች እስከ መጨረሻው እንዲዘልቅ ነበር ሐሳቡ። ለዚህም ሲል ቆርጧል፣ ቀጥሏል። ሁሉም የሚያውቀው የመክፈቻ ዜማ በፊልሙ ውስጥ በቀጥታ ወደ ሁለት የጠፈር መርከቦች ተኩስ ያመራል፤ በሸክላው ላይ ግን መንገዱን ለውጦ በፊልሙ መዝጊያ ላይ ወደሚሰማው ሙዚቃ ይገባል። የልዕልት ሊያ ዜማም በዚያ ሙሉ ቅርጹ በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ለብቻው እንዲደመጥ ተደርጎ የተጻፈ ነው።

ታዲያ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሙዚቃ በነበረበት መልኩ የት ሄደ? ዊሊያምስ ለዚህ ፊልም የጻፈው ወደ 88 ደቂቃ ገደማ ነው። አራቱም የሸክላ ገጾች ተደምረው ወደ 75 ደቂቃ ይሆናሉ፤ ከዚያ ውስጥም እንዳየነው ለማዳመጥ ተብሎ የተዘጋጀ አለበት። የቀረው ቴፕ ላይ ነበር። ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ከ15 ዓመት በላይ ወሰደ፤ መልሱም ከጥያቄው የሰፋ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ለመረዳት ሙዚቃው ሳይጻፍ ሊቀር ከነበረበት ጊዜ መነሳት ይሻላል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ላወጣው የህዋ ፊልም አሌክስ ኖርዝ የሚባል የተከበረ የሙዚቃ ደራሲ ቀጥሮ ነበር። ኖርዝ ጻፈ፣ አስቀረጸም። ኩብሪክ ግን በአርትዖት ጊዜ ለሙከራ ያስገባቸውን የነሪቻርድ ስትራውስን የቆዩ ሙዚቃዎች መረጠ፤ ኖርዝም ሥራው መጣሉን የተረዳው ፊልሙ ሲመረቅ ገብቶ ሲያይ ነው። የ«ስታር ዋርስ» ዳይሬክተር የጆርጅ ሉካስም ፊልም በዚህ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር። ሉካስ በአርትዖት ክፍሉ የጉስታቭ ሆልስትንና የሌሎችን ሲምፎኒያዊ ሥራዎች እየለጠፈ ነበር የሚሠራው፤ በዊሊያምስ ትውስታም መጀመሪያ ላይ የነበረው ሐሳብ የታወቁ ክላሲካል ሥራዎችን መጠቀም ነበር።

በ«ጆውስ» ፊልም ሙዚቃው ኦስካር የተሸለመውን ዊሊያምስን ከሉካስ ጋር ያገናኘው የዚያው ፊልም ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። የዊሊያምስ ክርክር ቀላል ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከተሰጡት የፊልም ሙዚቃ ሐሳቦች ሁሉ የጠለቀ ነው ብዬ አምናለሁ። የሌላ ሰው ሙዚቃ ከተዋሳችሁ ዜማውን ከባለታሪኩ ጋር ማሳደግ አትችሉም አለ። የአንድ ሰው ዜማ ሲደሰት መፍካት፣ ሲያዝን መጎተት፣ በሩቅ ሲታወስ በአንድ መሣሪያ ብቻ መሰማት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ዜማው ከመጀመሪያው ለእሱ መጻፍ አለበት። ሌላም ነገር ነበረው። ተመልካቹ በፊልሙ የሚያያቸው ፍጥረታትና ፕላኔቶች በሙሉ እንግዳ ናቸው፤ ስለዚህ ጆሮው የሚያውቀውን ስሜት ማግኘት አለበት። የጊዜው ሆሊውድ ወደ ፖፕና ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ባዘነበለበት ወቅት፣ እሱ ኤሪክ ኮርንጎልድ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ይጽፍ ወደነበረው ትልቅ ኦርኬስትራ ተመለሰ።

ቀረጻው የተካሄደው በመጋቢት 1977 ለንደን አጠገብ ዴንሃም በሚገኘው አንቪል ስቱዲዮ ነው። የተጫወተው የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነበር፤ የድምፅ መሐንዲሱ ኤሪክ ቶምሊንሰን ነበር። ዊሊያምስ የመክፈቻውን ዜማ የጻፈው በቢ ፍላት ሜጀር ነው፤ ምክንያቱም ከሱ በፊት የሚሰማው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፎክስ ኩባንያ መለያ ሙዚቃ፣ አልፍሬድ ኒውማን የጻፈው፣ በዚያው ነው። አንዱ ሲያበቃ ሌላው የሱ ቀጣይ ሆኖ እንዲነሳ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ሁለቱን ለይቶ መስማት ይከብደዋል።

ያንን የመጀመሪያ የነሐስ ፍንዳታ የመራው ትራምፔት ተጫዋች ሞሪስ መርፊ ነው። በኦርኬስትራው ዋና ትራምፔት ሆኖ ሥራ የጀመረው በዚሁ ቀረጻ ነበር። አዲስ ሰው በአዲስ ወንበር ተቀምጦ፣ ፊቱ የተዘረጋው ኖታ ከመነሻው ትራምፔትን ወደ ላይኛው ጫፍ የሚያስወጣ ነው፤ ማሟሟቂያ የለውም። መርፊ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል በኦርኬስትራው ቆየ፤ ዊሊያምስም ለተከታዮቹ ፊልሞች ወደ ለንደን ሲመለስ ያንኑ ትራምፔት ያገኝ ነበር።

የመሸታ ቤቱ ባንድ ሙዚቃ ለብቻው የቆመ ነገር ነው። የሉካስ ሐሳብ የሚገርም ነበር፦ እነዚያ ፍጥረታት የ1930ዎቹን የቤኒ ጉድማን ዓይነት ስዊንግ ኖታ ከድንጋይ ሥር አግኝተው፣ በገባቸው መጠን ለመጫወት ቢሞክሩስ? ዊሊያምስ ዘጠኝ የጃዝ ሙዚቀኞችን ያዘ፤ ከብረት በርሜል የሚሠራውን የትሪኒዳድ ከበሮ ጨመረ፤ ከቀረጻው ላይ ጎርናናውን ድምፅ ቀንሶ ቀጠን አደረገው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሜኮ የተባለ ሙዚቀኛ የመክፈቻውን ዜማና ይህንን በዲስኮ ምት ሠርቶ በአሜሪካ የነጠላ ዜማዎች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የዊሊያምስ አልበም ደግሞ ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ድምፃዊ የሌለው፣ ሙሉ ኦርኬስትራ የተጫወተው ባለ ሁለት ሸክላ ነው ይህን ያህል የተሸጠው። ኦስካሩም ግራሚውም ተከተለ።

ቴፖቹ ግን እንደተቀመጡ ነበሩ። በ1993 ኒክ ሬድማን ያዘጋጀው ባለ አራት ሲዲ ስብስብ የ«ስታር ዋርስ»ንና የሁለት ተከታዮቹን ፊልሞች ሙዚቃ በአንድ ላይ አወጣ፤ ብዙ ያልተሰማ ነገር ተሰማ። በ1997 ፊልሙ እንደገና ወደ ሲኒማ ሲመለስ ሬድማንና ማይክል ማቴሲኖ የመጀመሪያውን ፊልም ሙዚቃ በፊልሙ ቅደም ተከተል ደርድረው፣ በሁለት ሲዲ አወጡት። ቤን ኬኖቢ በ20 ዓመቱ በትክክለኛው ሰዓት ኖሮ በትክክለኛው ሰዓት ሞተ።

የመጀመሪያው ሲዲ ታሪኩን እስከሚያደርስበት አድርሶ ሲያበቃ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ትራክ አለ፦ የሁለቱ ጸሐዮች መጥለቅ፣ ሌላ ቅጂ።

ይህን ትዕይንት ፊልሙን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሉክ ከአጎቱ ጋር በእራት ሰዓት ተከራክሮ ይወጣል። ቱኒዚያ ውስጥ በተቀረጸው በዚያ ጠፍ ሜዳ ቆሞ ሁለት ጸሐዮች ሲጠልቁ ያያል። አንድም ቃል አይነገርም። አንድ ፍሬንች ሆርን ብቻውን ይጀምራል፤ ቫዮሊኖቹ ተቀብለው ያነሱታል፤ ከዚያ ትዕይንቱ ያልፋል። የልጁ ዕድሜ ልክ ናፍቆት አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተነግሮ አለቀ። በ1977ቱ ሸክላ ላይ ግን ይህ ቅጽበት ስም እንኳ አልነበረውም። በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ «ልዕልቲቱ ስትገለጥ» በሚለው ትራክ ጅራት ላይ ተጠቅልሎ ነበር የተቀመጠው።

ተጨማሪው ትራክ ደግሞ ዊሊያምስ ለዚሁ ትዕይንት መጀመሪያ የጻፈው ሙዚቃ ነው። ኦርኬስትራው ተጫውቶታል፤ ተቀርጿል። ጨለም ያለ ነው፤ የሚያስፈራ እንጂ የሚያስናፍቅ አይደለም። በረሃው ላይ አንድ ምሥጢር እንዳለ ይናገራል፤ ስለቆመው ልጅ ግን ብዙ አይናገርም። ጥሩ ሙዚቃ ነው፤ ሌላውን ባላውቅ ኖሮ ምንም ጎደለው አልልም ነበር። ሉካስ ግን እንደገና እንዲጻፍ ጠየቀ፤ ዊሊያምስም ጻፈ። በሁለተኛው ላይ ያ ፍሬንች ሆርን መጣ።

ሆርኑ የሚጫወተው የማንን ዜማ ነው? የሉክን አይደለም። የሉክ ዜማ ያ ትራምፔቶቹ የሚያበስሩት የመክፈቻው ነው። በጸሐዮቹ ፊት የሚሰማው የቤን ኬኖቢ ዜማ ነው፤ በኋላ አድማጮች በፊልሙ ታሪክ ውስጥ ባለው ምሥጢራዊ «ኃይል» ስም የሰየሙት። እዚህ ላይ ቤን ገና በፊልሙ አልታየም። ልጁ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሕይወቱን እንደሚለውጥለት አያውቅም፤ ተመልካቹም አያውቅም፤ ዜማው ብቻ ያውቃል። ዊሊያምስ ሉካስን የተከራከረበት ነገር እዚህ ላይ በተግባር ተፈጸመ፤ ከየትኛውም የቆየ ሲምፎኒ የተወሰደ ሙዚቃ፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ገና ያልመጣን ሰው ሊያስታውሰን አይችልም ነበር።

ይህን ካወቁ በኋላ ወደ ቤን ሞት መመለስ ነው። ሽማግሌው ሲወድቅ የሚሰማው ዜማ የራሱ አይደለም፤ የልዕልት ሊያ ነው። ሊያ ከቤን ጋር በፊልሙ ውስጥ አንድም ንግግር የላትም። ዊሊያምስ ምክንያቱን ሲያስረዳ ለዚያ ቅጽበት ከሁሉም በላይ የሚያጥለቀልቀውና የሚያንሰፈስፈው ዜማ የሷ ሆኖ ስለተሰማው ነው ብሏል። ሕጉን ያወጣው ሰው ሕጉን ሲጥሰው ማለት ነው፤ ጆሮም አይቃወመውም። ደግሞም ብዙ ሰው በዚህ ፊልም ውስጥ የሰማው የሚመስለው የዳርት ቬደር ሰልፍ እዚህ የለም። እሱ የተጻፈው ለ1980ው ተከታይ ፊልም ነው፤ በመጀመሪያው ላይ የክፉዎቹ ምልክት ሌላ፣ አጭር ዜማ ነበር። የቴፖቹ መውጣት ትዝታችንንም አስተካከለው።

ከተጨማሪው ትራክ በኋላ ሲዲው ዝም ይላል። አጥፍቶ የሄደ ሰው አልሰማውም። በሽፋኑ ዝርዝር ላይ ያልተጻፈ ነገር ከዝምታው በኋላ ይመጣል፦ የመክፈቻው ዜማ ቀረጻ ሙከራዎች፣ አምስቱ በተከታታይ። ኦርኬስትራው ይጀምራል፣ ይጫወታል፣ ያበቃል፤ እንደገና ይጀምራል። አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። እኛ ስንሰማው የኖርነው ከእነዚህ ከመሰሉት ምርጥ ምርጡ ተቆርጦ የተገናኘው ነው። የመርፊ ትራምፔት ደጋግማ እዚያ ጫፍ ላይ ትወጣለች፤ በእያንዳንዱም እንደ መጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ይሰጣታል።

በ2018 ዋልት ዲዝኒ ሪከርድስ የቀድሞዎቹን አልበሞች በታደሰ ድምፅ መልሶ ሲያወጣ የዊሊያምስን የ1977 አደራደር ነው የያዘው፤ ቤን እንደገና በአምስተኛው ትራክ ሞተ። ሁለቱም አደራደሮች አሉ ማለት ነው፤ የሚመርጥ ሰው ምክሬን ከጠየቀኝ፣ ፊልሙን ያላየ ከዊሊያምስ ቅደም ተከተል ይነሳ እለዋለሁ፤ ስለ ማንም ሳያውቅ ሙዚቃውን ለሙዚቃነቱ ይሰማዋል። ፊልሙን በቃሉ የያዘ ግን ወደ 1997ቱ ይሂድ፣ የመጀመሪያው ሲዲ መጨረሻ ላይ የተጣለውን የጸሐዮች መጥለቅ ያዳምጥ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የተመረጠውን ያጫውት።