ሚሞሪ ካርድ «አልጽፍም» ሲል

የመመረቂያ ጽሑፍዎን ለማስረከብ ሁለት ቀን ቀርቶዎታል እንበል። በየገጠሩ ዞረው ያነሷቸው ፎቶግራፎችና የቀዷቸው ቃለ ምልልሶች ሁሉ ከቴምብር ብዙም በማትበልጥ አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ናቸው። ካርዷን በማንበቢያው አድርገው ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተርዎ ላይ ይሰኩና አንድ ፋይል ሊጨምሩ ሲሉ፣ ኮምፒዩተሩ «እዚህ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም» ብሎ ይመልስዎታል።

በዚህ ጊዜ አዋቂ ነኝ ባይ ወዳጅ አይጠፋምና «ፎርማት አድርጋትና ተገላገል» የሚል ምክር ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ምክር ተቀብሎ የእኅቱን የሠርግ ፎቶግራፎች በገዛ እጁ ደምስሷል። እኅቱ ዛሬም ሙሽራ ባየች ቁጥር ነገሩን ታነሣበታለች። ስለዚህ እባክዎ ጥቂት ይታገሡ።

አስቀድመው ካርዷን ያውጡና ጎኗን ይመልከቱ። በትልቁ ኤስዲ ካርድ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ተንሸራታች መቆለፊያ አለች። የሚያስገርመው ነገር ይህች መቆለፊያ ከካርዷ የኤሌክትሪክ ክፍል ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ቦታዋን የሚዳስሰው በማንበቢያው ውስጥ ያለ ትንሽ ስፕሪንግ ነው። እንግዲህ ስፕሪንጉ ከጎበጠ ወይም ቆሻሻ ከያዘው፣ ክፍት የሆነችውን ካርድ የተቆለፈች ይመስለዋል። በሌላ ማንበቢያ ቢሞክሩት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ወዲያው ይለያል። ማይክሮ ኤስዲ መቆለፊያ ባይኖራትም የምትገባበት አዳፕተር አለውና እሱንም ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ሊኑክስን ራሱን ይጠይቁት። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል የደረሰበትን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ተርሚናል ከፍተው ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚሉትን አምስት የላቲን ፊደላት በአስተዳዳሪ ፈቃድ ቢጽፉ መዝገቡ ይገለጥልዎታል። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ የመጻፍ እገዳ መኖሩን የሚናገር ቃል ካገኙ ወደ መቆለፊያዋና ወደ ማንበቢያው ይመለሱ። የግብዓትና የውጤት ስሕተት የሚል ከሆነ ካርዷ፣ ማንበቢያው ወይም ገመዱ ታሟል። ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትረው ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም ፋይል ሲስተሙ ተዛብቶ ስለ ተገኘ ለንባብ ብቻ ተደርጓል የሚለው ነው።

ይህ ጠባይ በመሥሪያ ቤት ጠንቃቃ የመዝገብ ቤት ሹም ላየ ሰው እንግዳ አይሆንም። ሹሙ ማውጫው ከፋይሎቹ ጋር አልገጥም ሲለው፣ «እስኪጣራ ድረስ አዲስ ደብዳቤ አልቀበልም፤ የቀድሞውን ማየት የፈለገ ግን ይመልከት» ይላል። ሊኑክስም ማውጫው በተዛባ ካርድ ላይ ቢጽፍ ደኅናውን ፋይል እንዳያበላሽ ይሰጋል። በግድ አስገድዶ ማስጻፍም ይቻላል፤ ሹሙን ገፍትሮ መዝገብ ቤት እንደ መግባት ያለ ነው።

ማውጫው የሚዛባው ብዙውን ጊዜ በእኛው ችኮላ ነው። ሊኑክስ የሚገለበጠውን ፋይል መጀመሪያ በራሱ ጊዜያዊ ማኅደር ይቀበልና ወደ ካርዷ የሚያደርሰው ቀስ ብሎ ነው። በመስኮቱ ላይ «አልቋል» ሲል ካርዷ ገና ግማሹን አልተቀበለች ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የነቀላት ሰው ማውጫዋን አጋምሶ ይነቅላታል። ከመንቀልዎ በፊት የማስወጫውን ምልክት ይጫኑና «አሁን ማውጣት ይቻላል» እስኪልዎ ይጠብቁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ካርዷ ትነበባለችና መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልብጡ። በንባብም ላይ ስሕተት ከበዛባት ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም አለ። እሱ ደኅናውን ክፍል በቅድሚያ አንሥቶ ወደ ታመመው በኋላ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ነው ካርዷን ከፋይል ሲስተሙ አላቅቆ ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ በተባለው መርማሪ ማስጠገን። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ኤክስፋት በተባለው ሥርዐት ተዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ ይህንንም ሊኑክስ በራሱ አጥጋቢ ሆኖ የሚሠራበት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ በወጣው 5.7 ከርነል ነው። የመሥሪያ ቤትዎ ኮምፒዩተር ከዚያ የቆየ ከሆነ ካርዷን አይውቀሱ።

አንድ ነገር ይቀራል። አንዳንድ ካርድ ፎርማት ተደርጋ «ተሳክቷል» ከተባለ በኋላ ነቅለው ሲመልሷት የቀድሞ ፋይሎቿን እንደ ነበሩ ይዛ ትገኛለች። የምትጽፍባቸው ሕዋሳት ስላረጁባት በውስጧ ያለው ተቆጣጣሪ መጻፍን ለዘለዓለም ዘግቶታል ማለት ነው። ያቺን ካርድ ማንም አይጠግናትም፤ ፎቶግራፎችዎን ይቅዱላትና በጡረታ ያሰናብቷት።