ስለ ድንች ደዌና ስለ ዘር ጥንቃቄ

ድንች ባላገራችን ከጥንት አባቶቹ የወረሰው ዘር አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1858 ዓመት ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው በታሪክ ይነገራል። ሕዝቡ ግን ወዲያው አልለመደውም፤ ደገኛው በብዛት ወደ መትከል ያዘነበለው ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወሰው፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ዘመን፥ ከብቱ አልቆ እህሉም ጠፍቶ ረኀብ ከጸናበት በኋላ ነው። ዛሬ በሰሜን ጎንደር ደጋ ድንች የገብሱ እሸት ሳይደርስ የክረምቱን እጦት የሚያሻግር፥ በጾምም ወራት ለማዕድ የሚቀርብ ምግብ ሆኗል። እንግዲህ ይህን የመሰለ የድኃ ደጋፊ የሚያጠፋውን ጠላት ማወቅ ለሹምም ለካህንም ተገቢ ነው።

የድንች ጠላት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በነፋስና በዝናም መጥቶ ቅጠሉን የሚያቃጥለው ሻጋታ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1845 ዓመት ጀምሮ በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኀብና በበሽታ እንዲያልቅ ምክንያት የሆነው እርሱ ነው። ይህ ጠላት ክፉ ቢሆንም በግልጽ ስለሚታይ መከላከያ ተፈልጎለታል፤ በሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎችም እርሱን እንዲቋቋሙ ተብለው የተመረጡ ናቸው። ሁለተኛው ግን በመሬት ውስጥ ይሸምቃል፤ ከሚታየው ይልቅ የሚያስፈራውም ይህ የተሸሸገው ነው።

ከመሬት ጠላቶች ዋናው አጠውልግ የሚባለው ደዌ ነው። ይህን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1896 ዓመት ገልጾ ጽፎታል። ይህ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ በሥሩ ቁስል በኩል ገብቶ ውኃ ወደ ላይ የሚወጣባቸውን የተክሉን ጅማቶች ይሞላቸዋል፤ ተክሉም እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል። ረዳትም አያጣም። ኔማቶድ የሚባለው እንደ ክር የቀጠነ ጥቃቅን ትል ሥሩን እየወጋ እባጭ ሲያወጣበት፥ ያ ቁስል ለባክቴሪያው በር ይሆንለታል።

ባላገሩ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ድንገት ሲጠወልግ ባየ ጊዜ ምች መታው፥ ወይም ውኃ አነሰው ብሎ ያልፈዋል። እውነቱን ለመለየት ግን ብዙ ወጪ አያሻም። የጠወለገውን አገዳ ከግርጌው ቆርጦ፥ ጥሩ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክሮ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከተቆረጠው በኩል ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ቢወርድ ደዌው አጠውልግ ነው። ድንቹም ሲቆረጥ በውስጡ ቡናማ ቀለበት ይታያል፤ ሲጫኑትም ነጭ መግል ያወጣል።

ይህን ነገር በተለይ ለአዲ አርቃይ የምናነሣበት ምክንያት አለን። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ የሚነሣው መንገድ ሊማሊሞን ወርዶ ሞቃቱን የአዲ አርቃይን አገር ያገኛል። ባክቴሪያው ደግሞ ብርድ በበዛበት ስፍራ በድንቹ ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል፤ ሙቀት ባገኘ ጊዜ ግን ይነሣና ማሳውን ይፈጀዋል። ስለዚህ በደጋው ገበያ መልኩ አምሮ የተገዛ ዘር፥ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደዌውን ተሸክሞ ሊወርድ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ደርሶበት እንደነበረው እንደ አዲ አርቃይ ባለ አገር፥ ዘሩ ያለቀበት ገበሬ ካገኘበት ሁሉ ይገዛል፤ ርዳታ ሰጪውም ከቸኮለ ምንጩን አይጠይቅም። እንዲህ ሲሆን በምሕረት የተሰጠ ዘር ለብዙ ዓመት የሚተርፍ መርገም ይሆናል።

በመሬት ለሰፈረው አጠውልግ ይህ ነው የሚባል ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ ጥንቃቄ ብቻ ነው። መጀመሪያ፥ ዘሩ ምንጩ ከታወቀና ደዌ ካልታየበት ማሳ ይምጣ፤ በቢላዋም ተቆራርጦ አይተከል፥ ቢላዋው ከታመመው ወደ ጤነኛው ያሻግረዋልና። ሁለተኛ፥ ደዌ የታየበት መሬት ቢያንስ ሦስት ዓመት ገብስ፥ ስንዴ፥ በቆሎ ወይም ጤፍ ይዘራበት እንጂ ቲማቲም፥ በርበሬና ትምባሆ አይግቡበት፤ የደዌው ማደሪያዎች ናቸውና። ሳይተከል በራሱ የበቀለ ድንችና አውጥ የሚባለው አረምም በነዚያ ዓመታት ሁሉ ይነቀል። ሦስተኛ፥ የጠወለገው ተክል ከነሥሩና ከነዙሪያው አፈር ወጥቶ ከማሳው ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ ወደ ወንዝና ወደ መስኖ ቦይ፥ ወደ ፍግ ክምርም አይጣል። አራተኛ፥ በደቦና በወንፈል ጊዜ ዶማና ማረሻ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዞሩ ጭቃቸው ታጥቦ ይሂዱ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ገበሬ በላቡ ያበቀለውን ነቅሎ መቅበር ልቡን ይነካዋልና። እንዲሁም ሦስት ዓመት ድንች አትትከል ማለት ጠባብ መሬት ላለው ሰው ቀላል ቃል አይደለም። ስለሆነም ትእዛዝ ብቻ አይበቃም። ሹማምንት ዘር በሚያከፋፍሉበት ጊዜ ከየትኛው ማሳ እንደተገኘ በመዝገብ ያስጽፉ፤ ተክሉም ገና በማሳ ሳለ በግብርና ባለሙያ ያስመርምሩት፥ ድንቹ ከተቆፈረ በኋላ ውጭውን አይቶ ብቻ መፍረድ ያሳስታልና። መሬቱን ከድንች ለሚያሳርፈውም ገበሬ የገብስና የበቆሎ ዘር ያስቀድሙለት።

ካህናትም ሕዝቡ የሚሰማቸው መምህራን ስለሆኑ፥ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ በተሰበሰቡ ጊዜ የብርጭቆውን ፈተና ቢያስረዱ ብዙ ይጠቅማሉ። በማሳው ደዌ የታየበት ሰው እንዳያፍርና እንዳይሸሽግም ቢያጽናኑት፥ ጎረቤቱን ያድናሉ፤ ተሸሽጎ ለገበያ የወጣ የታመመ ዘር የሌላውን ልጆች ያስርባልና። የአንዱ ማሳ ጎርፍ ወደ ሌላው ይወርዳል፤ ጥፋቱም ጥንቃቄውም የጋራ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደተባለ፥ ደዌው መሬቱን ሳይወርስ ዘሩን መመርመር ይሻላል። ለመጪው ተከላ ዘር የሚገዛ ሁሉ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት የበቀለበትን ማሳ ይጠይቅ።