ሌሊት የሚሠራ ሕክምና፦ ሥር የሰደደ የተረከዝ ሕመምና ስፕሊንት

ከእንቅልፍ ተነሥተው የመጀመሪያውን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዝ ሥር ወግቶ የሚይዝ፣ ጥቂት ሲንቀሳቀሱ ጋብ የሚል፣ ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሡ ወይም ቀኑን ቆመው ሲውሉ ተመልሶ የሚያገረሽ ሕመም በሕክምናው ዓለም ፕላንታር ፋሺያይቲስ ይባላል። ከአሥር ሰዎች አንዱን ያህል በሕይወት ዘመኑ በአንድ ወቅት እንደሚያጋጥመው የሚገመተው ይህ ሕመም በይበልጥ የሚታየው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ሲሆን፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ፣ ሥራቸው ብዙ መቆም የሚጠይቅና ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ላይ እንደልብ የማይታጠፍ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ይጋለጣሉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ማስታገሻ እየዋጡ፣ ጫማ እየቀያየሩ፣ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው እየተመላለሱ ከሕመሙ ሳይላቀቁ ወራትን የሚቆጥሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከሚታዘዙት ሕክምናዎች አንዱ ስፕሊንት የሚባለው፣ ታማሚው በተኛበት ሰዓት እግሩን በተወሰነ ማዕዘን አጽንቶ የሚይዝ መደገፊያ ነው።

የመሣሪያውን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ የውስጥ እግርን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ከተረከዝ አጥንት ግርጌ፣ ከውስጠኛው ጎን ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራምና ጠንካራ የጅማት ንጣፍ አለ፤ ስሙም ፕላንታር ፋሺያ ነው። የእግር አጥንቶች ጎበጥ ብለው ቅስት እንደሚሠሩ ሁሉ ይህ ንጣፍ ደግሞ ከታች ሁለቱን ጫፎች ወጥሮ በመያዝ፣ የደጋን ጅማት ደጋኑን እንደሚይዘው፣ ቅስቱ በሰውነት ክብደት ተጭኖ እንዳይዘረጋ ይከላከላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄ. ኤች. ሂክስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ሰው ሲራመድ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቶ ጣቶቹ ወደ ላይ በሚታጠፉበት ቅጽበት ፋሺያው በጣቶቹ ሥር ባሉት አጥንቶች ዙሪያ ይጠመጠምና ይወጠራል፤ ውጥረቱም ተረከዝን ወደ ጣቶች በመሳብ ቅስቱን ከፍ ያደርገዋል፤ እግሩም ሰውነትን ወደ ፊት ለመግፋት የሚያስችል ጽናት ያገኛል። ይህ በየእርምጃው የሚደጋገም በመሆኑ የውጥረቱ ጫና የሚበረታው ፋሺያው ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ነው፤ ታማሚዎች ጣታቸውን አሳርፈው «እዚህ ጋ ነው» የሚሉትም ይህንኑ ቦታ ነው። ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው የአኪለስ ጅማት ሲያጥርና ሲጠነክርም ቁርጭምጭሚቱ በሚገባ ስለማይታጠፍ ጫናው ወደ ፋሺያው ይተላለፋል፤ ባትን ማሳሳብ የሕክምናው አካል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለረጅም ጊዜ የሕመሙ መንስኤ ብግነት ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ከ50 ታማሚዎች የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ መርምሮ ያገኘው በአመዛኙ የብግነት ምልክት ሳይሆን የተዘበራረቁና የተጎዱ የኮላጅን ክሮችን ነበር፤ ኮላጅን ማለት ጅማትን ጠንካራ የሚያደርገው የፕሮቲን ክር ነው። ከዚህ የሚመነጨው ትምህርት ቀላል አይደለም። ሥር በሰደደ ደረጃ ላይ ያለ ሕመም ብግነትን በሚቀንስ ክኒን ብቻ የማይድነው፣ የተጎዳው ክር ራሱን እንዲጠግን ጊዜና ተገቢ ውጥረት ስለሚፈልግ ነው። ራጅ ላይ የሚታየው የተረከዝ አጥንት እሾህ መሰል ትርፍም ብዙ ሰዎችን ያለምክንያት ያስደነግጣል፤ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ተረከዝ ላይም ስለሚገኝ የሕመሙ መንስኤ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የሌሊት ስፕሊንት ሐሳብ የተወለደው የጠዋቷን የመጀመሪያ እርምጃ ከመመርመር ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ እግሩ ሲላላ የጣቶቹ ጫፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከባድ ብርድ ልብስ ሲጫነው ወይም ሰውየው በሆዱ ሲተኛ ደግሞ ይበልጥ ይዘረጋል። በዚህ አኳኋን ባትም ፋሺያም እንዳጠሩ ሌሊቱን ያሳልፋሉ፣ ማገገም የጀመረውም ክር በዚያው ባጠረ ርዝመት ይያያዛል፣ ጠዋት የሰውነት ሙሉ ክብደት በድንገት ሲያርፍበትም በአንድ ጊዜ ተወጥሮ እንደገና ይጎዳል ብለው ሐኪሞች ያስረዳሉ። እግሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀጥ ባለ ማዕዘን ወይም ትንሽ ወደ ላይ ታጥፎ ቢያድር ግን ሕብረ ሕዋሱ ርዝመቱን እንደጠበቀ ስለሚቆይ የጠዋቱ ጉተታ ድንገተኛ አይሆንም።

ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር ካሸጋገሩት መካከል ኪት ዋፕነርና ፒተር ሻርኪ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ሕመሙ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየባቸውን፣ ክኒን፣ የኮርቲዞን መርፌ፣ የጫማ ማስተካከያና ፊዚዮቴራፒ ሞክረው ያልተሻላቸውን 14 ታማሚዎች መርጠው፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ በእግራቸው ልክ የተሠራና ቁርጭምጭሚቱን አምስት ዲግሪ ወደ ላይ አጥፎ የሚይዝ ስፕሊንት በየሌሊቱ አደረጉላቸው። ከ14ቱ 11ዱ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ተሻላቸው። ታማሚዎቹ ጥቂት ቢሆኑም፣ የሚነጻጸር ሌላ ቡድን ባይኖርም፣ ሌላው ሁሉ ሕክምና ያቃተው ሕመም መለወጡ ብዙዎችን አነሣሣ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመውና 37 ታማሚዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ስፕሊንቱን በተለያየ ወር ያደረገላቸው ጥናት 88 በመቶው መሻሻል እንዳገኙ ገለጸ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1999 በ116 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በተለመደው ሕክምና ላይ ስፕሊንት መጨመሩ የተለየ ጥቅም እንዳላመጣ አስታወቀ።

ማስረጃው የተለያየ መሆኑ መሣሪያውን ከንቱ አያደርገውም። ስፕሊንት ለተረከዝ ሕመም ሁሉ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ሕመሙ ለቆየበትና በተለይም የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ዘወትር ለሚያስጨንቀው ሰው የሚመጥን ሕክምና ነው። የአሜሪካ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር አጥንትና መገጣጠሚያን የሚመለከተው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያም የሌሊት ስፕሊንትን የሚያዘው የጠዋቱ የመጀመሪያ እርምጃ ዘወትር ለሚያማቸው ሰዎች፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ለሚዘልቅ ጊዜ ነው።

ስፕሊንቱ ሦስት ዓይነት ቅርጽ አለው። የመጀመሪያው ከባት ጀርባ ተነሥቶ ተረከዝን ይዞ በውስጥ እግር በኩል የሚወጣ ጠንካራ ቅርፊት ሲሆን ውስጡ ስፖንጅ የተነጠፈበትና በሰፋፊ የቬልክሮ ማሰሪያዎች የሚያያዝ ነው። ሁለተኛው ከእግሩ ፊት ለፊት የሚታሰርና ተረከዝን ነጻ የሚተው ነው። ሦስተኛው እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ካልሲ ሆኖ፣ ከጣቶቹ ጫፍ የሚነሣ ማሰሪያ ወደ ላይ እየሳበ ጣቶቹን ያጥፋቸዋል። የተዘጋጀው መሣሪያ በማይገኝበት አካባቢ ባለሙያ በጄሶ ከእግሩ ጀርባ ልክ ሊሠራው ይችላል።

መሣሪያው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በአብዛኛው በአለባበሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወው እንቅልፍ ስለሚነሣው ነውና። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እግሩን ዘጠና ዲግሪ በሆነ ማዕዘን ብቻ አስሮ ጥቂት ሰዓት መልመድ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ማቆየት፣ ከቀናት በኋላም እግሩን ከዚያ አምስት ዲግሪ ወደ ላይ ማጠፍ ይመከራል። ማሰሪያው ጣት እንዲያስገባ ሆኖ መላላት አለበት፤ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ወዲያው መፈታት ይኖርበታል። ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ የሚነሣ ሰው ስፕሊንቱን እንዳደረገ መራመድ የለበትም፤ ቅርፊቱ ይንሸራተታልና። ሥራውን የሚጀምረው ከቀናት ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሁለተኛው ሌሊት ውጤት የሚጠብቅ ታማሚ ሳያስበው ተስፋ ይቆርጣል።

ስፕሊንት ብቻውን አይበቃም። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እግርን በሌላኛው ጉልበት ላይ አሳርፎ ጣቶቹን በእጅ ወደ ራስ መሳብ፣ ለአሥር ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ ይህንም አሥር ጊዜ ደጋግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ማድረግ በጥናት ጥሩ ውጤት ያሳየ ማሳሳቢያ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ከጣቶች ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጎ በደረጃ ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ በሦስት ወር ውስጥ ከማሳሳብ ብቻ እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ውጤት ነበራቸው።

ጫማም ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። በስስ ነጠላ ጫማ በሴራሚክ ወለል ላይ ቀኑን የሚውሉ፣ በዐረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ እህቶችን ጨምሮ፣ ሌሊቱን በስፕሊንት ቢያሳልፉም ቀኑ መልሶ ይጎዳቸዋል። ቅዳሴ ላይ ጫማ አውልቀው ለሰዓታት የሚቆሙ ምዕመናንም ምንጣፍ ባለበት ቦታ ቢቆሙ፣ ክብደታቸውንም በመቋሚያ ላይ ቢያሳርፉ ተረከዛቸው ያርፋል። ብዙ ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ተረከዝን በኃይል ማሳሸት ግን የተጎዳውን ክር ይበልጥ ሊያስቆጣው ይችላል። የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ሊያስታግስ ቢችልም ሲደጋገም ፋሺያው እንዲበጠስና ተረከዝን የሚያለሰልሰው ስብ እንዲሳሳ ሊያደርግ ስለሚችል በጥንቃቄ የሚወሰድ እንጂ በየጊዜው የሚፈለግ መፍትሔ አይደለም።

አንዳንድ የተረከዝ ሕመም ስፕሊንት የማይነካው ሌላ ምክንያት አለው። ሁለቱም ተረከዝ የሚያመው፣ ጠዋት ጀርባው ለረጅም ሰዓት የሚደርቅ ወጣት የመገጣጠሚያ በሽታ እንዳለበት መመርመር አለበት፤ ማታ ዕረፍት ላይ የሚብስ ሕመም፣ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ማቃጠልና መደንዘዝም ሐኪም ሳያይ በቤት የሚታሰርለት አይደለም። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ስሜት አጥቶ ከሆነ፣ በማሰሪያው ሥር የሚፈጠር ቁስል ሳይታወቃቸው ሊሰፋ ስለሚችል ሐኪማቸው ካልፈቀደ በቀር መጠቀም የለባቸውም፤ የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ በየጠዋቱ ቆዳቸውን በመስተዋት ማየት ይገባቸዋል። ስፕሊንቱን በትክክል ለሦስት ወር አድርጎ ምንም ለውጥ ያላየ ታማሚ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ምርመራው እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይኖርበታል፤ የተሻለው ደግሞ የጠዋቱ እርምጃ ሕመም አልባ ከሆነ በኋላ አንድ ሌሊት እያደረገ አንድ ሌሊት እየተወ ቀስ በቀስ ያቋርጠዋል፣ ማሳሳቡን ግን ይቀጥላል።